ከጮኽሁ ልጄ ይሞታል ብዬ

የጌታ ሰላም ለሁላችሁም ይሁን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። የሺ ነኝ፤ ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ። ዛሬ የቆምሁት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ከዚህ በፊት ስመሰክር የሰማችሁኝ አላችሁ፤ ግን ያን ጊዜ አሳጥሬ፣ ለጆሮ የሚጥመውን መርጬ ነው የነገርኋችሁ። ዛሬ ሙሉውን ልናገር ነው። የማወራው ስለ ምጥ ነው። ወንድሞቼ፣ እባካችሁ መሬት መሬት አትዩ፤ እናንተም የመጣችሁት በዚያው ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ለምን ዛሬ ትሉኝ ይሆናል። ተናድጄ ነው። በጌታ ቤት ቆሜ አልዋሽም፣ ተናድጄ ነው። ያለፈው እሁድ አንዲት እህታችን እዚሁ ቆማ «ጌታ ምጡን ሳላውቀው አገላገለኝ» አለች። እልል ተባለ፤ እኔም እልል ብያለሁ። ለእሷ እንደዚያ ካደረገላት ስሙ ይባረክ፣ እኔ ምን ከፋኝ! ከዚያ ግን አንዱ ወንድማችን ማይኩን ተቀበለና «አያችሁ፣ እምነት ያላት ሴት በምጥ አትሰቃይም» አለ። ሰኞ ጠዋት አንዲት የመጀመሪያዋን ያረገዘች ልጅ ቤቴ መጣች። «እትዬ የሺ፣ እኔ ምጡን እፈራለሁ። እምነት የለኝም ማለት ነው?» ብላ እንባዋን አወረደችው።

አንጀቴ አረረ። ወንድሜ፣ አንተ ስንት ጊዜ አምጠህ ነው ይህን ያወቅኸው? ይቅር በለኝ፣ እወድሃለሁ፤ ግን ስንት ጊዜ? እኔ አምስት ጊዜ አምጫለሁ። ሃሌ ሉያ! እንግዲህ ስሙኝ።

የተወለድሁትም የተዳርሁትም ወዲያ ደጋው ላይ ነው፤ ከዚህ ከመካነ ሰላም ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፣ ለሸክም ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ይመርን ሳገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አማቴን እማማ ብርቄን ያወቃችኋት ታስታውሷታላችሁ፤ ያላወቃችኋት ልንገራችሁ። ዘጠኝ ወልዳለች፣ አራቱን ቀብራለች፣ በዘጠኙም ምጥ ድምፅ አላሰማችም። በአገሩ የተመሰከረላት ሴት ናት። «ብርቄ ስትወልድ በረት ያለችው ላም እንኳ አልሰማቻትም» ይሉ ነበር። እሷም ይህን ሲሉ ደስ ይላታል። እኔ የገባሁት እዚህ ቤት ነው እንግዲህ!

የመጀመሪያዬን ያረገዝሁት ዝናቡ በቀረበት በዚያ ክፉ ዘመን ነው። ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። ሳማ ቀቅለን እንበላ ነበር፤ እሱም ሲጠፋ ጾማችንን እናድራለን። ከቆላው የተነሣው ሰው በደጃችን እያለፈ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ የሚቀረውም ይቀራል። በዚያ ሆድ ነው ያረገዝሁት። ጉልበት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ምጡ ሦስት ቀን ያዘኝ። እህቶቼ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ለወንዶቹ ነው የምነግራቸው። ወገብህን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እንደ እርጥብ እንጨት ሊሰብርህ ይሞክራል፤ ሳይሰብርህ ይተውህና፣ ትንሽ አረፍ ስትል ተመልሶ ይመጣል። ሦስት ቀን! ሴቶቹ ከብበውኝ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እኔ እጮሃለሁ። ምን ላድርግ? አመመኝ፣ ጮኽሁ!

እማማ ብርቄ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችው። «ንከሺው! ደጅ ወንዶች አሉ፣ ይሰማሉ! የልጄን ቤት ልታሰድቢ ነው? የሔዋን ቅጣት ነው፣ ሁላችንም ችለነዋል፣ ቻይው!» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወንድ ልጅ ወለድሁ። ሞቶ ነው የተወለደው።

ወገኖቼ፣ ሞቱ ሳያንሰኝ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «በጩኸቷ አስደንግጣ ገደለችው» አሉኝ። አንዷ ተናገረችው፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ እስከ ቀብር ድረስ አገሩ ሁሉ ይህንኑ አወራ። እማማ ብርቄም አለችው፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ይመር አላለም። ግን «ተዉ፣ እንዲህ አይባልም» ብሎ አፉን አልከፈተም። ይመር እዚያ ጋ ተቀምጧል። ቀና በል፣ ይመር፤ ይቅር ካልሁህ ስንት ዘመኔ! ጌታ ይመስገን!

የሚያናድደኝ እነሱ ማለታቸው አይደለም። እኔ ማመኔ ነው! አመንኋቸው እኮ! ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ዓመት ተሸክሜው ዞርሁ። ጸሎት ስጸልይ እንኳ ድምፄን እፈራ ነበር። እግዚአብሔር ጩኸት የማይወድ፣ ቆጣ ያለ አማት ይመስለኝ ነበር። አትሳቁ፤ ያኔ የማውቀው አምላክ እንዲህ ያለ ነበር።

ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ተባለ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ዝናቡም ተመለሰ፣ እኔም ሁለተኛዬን ፀነስሁ። ከፀነስሁባት ቀን ጀምሮ ከራሴ ጋር ተማማልሁ፤ በዚህኛው ብሞት አልጮኽም። ትንፍሽ አልልም።

ምጡ አንድ ጠዋት እህል እየፈጨሁ ያዘኝ። ለማንም አልተናገርሁም። ከሰዓት በኋላ እማማ ብርቄ ፊቴን አይታ አወቀች። ምሰሶውን ይዤ ዝም አልሁ። ቀኑ መሸ፣ ነጋ፣ ዝም አልሁ። እማማ ብርቄ እንዴት ደስ አላት! «ይኸው አሁን ሰው ሆንሽ!» አለችኝ። ልብ በሉ፣ እየሞትሁ ነው የምመሰገነው! ዝም ስላልሁ ምጡ ገና ነው ብለው እነሱም አልተጨነቁም። ማን ይወቅልኝ? እኔው አፌን ዘግቼ!

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ መጣች። በአገሩ ሴት የምታዋልደው እሷ ናት፤ ሙስሊም ክርስቲያን አትልም። ሆዴን ዳሰሰችኝ፣ እጇን ታጥባ ከታች አየችኝና ብድግ አለች።

«ያ ረቢ! ብርቄ፣ ይህቺን ልጅ ዝም ብለሽ ታያታለሽ? እግሩ ነው እኮ የቀደመው! ይህ የእኔ እጅ አይደለም፣ ክሊኒክ ውሰዷት!»

«አልጮኸችም እኮ!» አለች እማማ ብርቄ።

«የሞተ ሰውም አይጮኽም!» አለቻት እትዬ ዘይነባ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብላ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግ ቃል ያልሰማሁ ሰው ነኝ፤ ያቺ «አብሽሪ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ቃሬዛ ለመሸከም ወንድ ያስፈልጋል። ወንዱ የት አለ? ስብሰባ! አገሩ ሁሉ ዛፉ ሥር ተሰብስቧል። እማማ ብርቄ እየሮጠች ሄደች። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ይመር ነው።

«ልጅቷ ልትሞት ነው፣ ሰው ስጡኝ» ብትላቸው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን። ሴት መውለድ የጀመረችው ዛሬ ነው እንዴ? አጀንዳው ሲያልቅ ይሄዱልዎታል» አላት። የዚያን ቀን አጀንዳ ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? የሴቶች ማኅበር ስለ ማቋቋም! ወላሂ አልዋሽም፤ ይመርን ጠይቁት! ስለ ሴት እኩልነት እየተናገሩ ነው ሴት ትሙት ያሉት! እኔ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል።

ይመርስ? ተቀምጧል። ስብሰባ ጥሎ የተነሣ «አድሃሪ» ይባል ነበርና ፈርቶ ተቀምጧል። እማማ ብርቄ ያን ጊዜ በሕዝብ መካከል ቀሚሷን ከደረቷ ገለጠች፤ ጡቷን ይዛ «ይመር! በጠባኸው ጡት! ተነሥ!» አለች። «እናንተም እናት ወልዳችሁ እንደሆነ ተነሡ!» ያቺ ነጠላዋን ሳትከናነብ ከደጅ የማትወጣ ሴት! ይመር ተነሣ። ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። አሥር ሰው ለቃሬዛው መጣ፣ የቀረውም ተነሥቶ ተበተነ። ሊቀ መንበሩ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ቀረ ማለት ነው። ጌታ ይባረክ!

ስለ መንገዱ ምን ልበላችሁ? ቁልቁለት፣ አቀበት፣ ድንጋይ። ተሸካሚው እግሩ በተደናቀፈ ቁጥር አጥንቴ ውስጥ ይሰማኛል። እንዳልጮህ እጄን ነከስሁ፤ ምልክቱ ይኸው፣ የቀረባችሁ እዩት። ከላይ ወንዶቹ ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዱ «ዝም አለች፣ ሞታ እንዳይሆን» ይላል። ሌላው «አይ፣ ቻይ ናት፤ ጨዋ ሴት ናት» ይላል። ጨዋ! በጨዋነት ልሞት ነበር፣ ወገኖቼ!

እዚህ መካነ ሰላም ክሊኒኩ ደረስን። ነርሷ ከወለጋ የመጣች ሴት ናት፤ ሲስተር ጫልቱ ትባላለች። አጭር፣ ቁጡ፣ እጇ ፈጣን። ወንዶቹን አስወጣች፣ እማማ ብርቄን አስቀረቻት፣ እኔን አየችኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ዝም። «ሲመጣ ይጠነክራል?» ዝም። «ስሚ እህቴ፣ ሲያምሽ ካልነገርሽኝ ግፊ የምልሽ መቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የልጁ እግር ወጥቷል። ከአሁን ወዲያ የምንሠራው ሁለታችን ነን። አውሪኝ!»

«ከጮኽሁ ልጁ ይሞታል፤ የፊተኛውም በረሃቡ ዘመን በጩኸቴ ነው የሞተው» አልኋት። ከሁለት ቀን በኋላ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ሲስተር ጫልቱ ቆመች። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

እኔ እማማ ብርቄን ነው ያየሁት። እማማ ብርቄ መሬት አየች። ሲስተርም ሁለታችንን አየችና ነገሩ ገባት። መቼም እንዴት እንደ ተናደደች! በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችው። «በጩኸት የሚሞት ልጅ የለም! ሰማሽ? የለም! ስንት ሴት አዋልጃለሁ፣ አንድም አላየሁም። ያ ልጅሽ የሞተው አንቺ ተርበሽ፣ ጉልበት አጥተሽ፣ የሚረዳሽ ጠፍቶ ነው። አንቺ አልገደልሽውም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጌታ ኢየሱስን ታውቂዋለሽ አይደል? መስቀል ላይ ሲያመው ዝም ያለ ይመስልሻል? ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኋል። አባቱም አሳፈርኸኝ አላለውም። አሁን ጩኺ።»

ሃሌ ሉያ! ወገኖቼ፣ ጮኽሁ! የሁለት ቀኑን ጮኽሁ። የሁለት ዓመቱን ጮኽሁ። የዚያን የሞተውን ልጄን ለቅሶ፣ ያላለቀስሁለትን፣ እዚያ አልጋ ላይ ጮኽሁለት። ሕመሙ ቀነሰ ወይ? አልቀነሰም! ማንም እንዳይዋሻችሁ፣ አንዲት ጠብታ አልቀነሰም! እንዲያውም ልጁን ስታዞርልኝ የነበረው ከሁሉም የባሰ ነው። ግን ብቻዬን አልነበርሁም። ሲስተር ጫልቱ እጇ እየሠራ አፏ ይጸልያል፤ በጽሑፍ ያለ ጸሎት አይደለም፣ ሰው ወንድሙን እንደሚያዋራ «ጌታ ሆይ፣ እባክህ ና፣ አሁን ና፣ ቶሎ በል» ትለዋለች። እንዲህ ተደርጎ እንደሚጸለይ አላውቅም ነበር!

ሴት ልጅ ወጣች። ሰማያዊ ነበረች፤ አትተነፍስም። ሲስተር ዘቅዝቃ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፣ አፏን ጠርጋ እፍ አለችባት። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሦስታችንም ምን እንል እንደ ነበር ታውቃላችሁ? «አልቅሺ! አልቅሺ! በይ ጩኺ!» እማማ ብርቄ፣ አዎ እማማ ብርቄ፣ ግድግዳውን በጥፊ እየመታች «ኧረ ጩኺ በማርያም!» ትላለች። ልጅቷም ጮኸች! ክብር ለጌታ ይሁን! ልጅቷ ጮኸች! እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ ዝም በይ አላላትም።

ሲስተር እኔን እየሰፋችኝ ሳለ ከክሊኒኩ ጓሮ ድምፅ ሰማን። የሰው ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የታፈነ፣ ከሆድ የሚወጣ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ሲስተር ጨርሳ ስትወጣ እማማ ብርቄ አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትጮኻለች። «እማማ፣ ምን ሆነዋል? የት ጋ ነው የሚያምዎት?» አለቻት።

እማማ ብርቄም «የዘጠኙ ነው፣ ልጄ» አለቻት። «የዘጠኙም ዛሬ አመመኝ።»

ይህን የነገረችኝ ሲስተር ናት። እማማ ብርቄ ራሷ ወደ አልጋዬ ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። ብዙ አላወራችም፣ ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም። «ያ ልጅ ባንቺ አልሞተም» አለችኝ። «ያልሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው ያልሁት።» እግሬን ጎንበስ ብላ ሳመችው። አማት የምራቷን እግር ስትስም ያያችሁ አላችሁ?

ስምንት ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ቆየን። ሲስተር ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች ስለ ጌታ ታጫውተን ነበር። ቀድማ ያመነችው ማን መሰለቻችሁ? እኔ አይደለሁም! እማማ ብርቄ ናት። በሦስተኛው ቀን «ያ መስቀል ላይ የጮኸው ጌታ የእኔንም ይሰማኛል? እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ አልጮኽሁለትም» አለች። ሲስተር «ዛሬም ቢሆን ይሰማዎታል» አለቻት። በዚያው ተንበርክካ ተቀበለችው።

እኔ ግን አስቸገርሁ። ተናድጄ ነበራ! «የመጀመሪያ ልጄ ሲሞት የት ነበር?» አልኋት። ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ነገር ይደረድርልኝ ነበር። ሲስተር ጫልቱ ግን «አላውቅም፣ የሺ» አለችኝ። «እኔም እጠይቀዋለሁ። አንቺም ራሱን ጠይቂው፤ አይቆጣሽም።» ወገኖቼ፣ ያቺ «አላውቅም» ናት የማረከችኝ! በስድስተኛው ቀን ልጄን ታቅፌ ጠየቅሁት። ጮክ ብዬ፣ እየተቆጣሁ፣ ሰው እየሰማኝ ጠየቅሁት። መልስ ሰጠኝ አልላችሁም። ነገር ግን ስቆጣው የሚሰማኝ፣ ፊቱን የማያዞርብኝ አምላክ እንዳለኝ ያን ቀን አወቅሁ። ሕይወቴንም ሰጠሁት። ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

ካመንን በኋላ ነገር ሁሉ ተመቸ? የት ተመችቶ! ጴንጤ ተባልን፣ ካድሬ መጣብን። ሲስተር ጫልቱን ወደ ሌላ አገር አዛወሯት፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን አላየንም። ባለችበት ጌታ ይጠብቃት። ስንዘምር በሹክሹክታ፣ ስንጸልይ በሹክሹክታ። ደግሞ ዝም በሉ! ይህ አገር ዝም በሉ ማለት እንዴት ይወዳል! ይመር ራሱ ለማመን ስድስት ዓመት ፈጀበት። ግን ጌታ አልተወንም፤ ይኸው ዛሬ ማይክ ይዘን እንጮኻለን። ሃሌ ሉያ!

ከዚያች ልጅ በኋላ ሦስት ወልጃለሁ። አማኝ ሆኜ፣ ጾሜ ጸልዬ ነው የወለድኋቸው። ሦስቱም አመሙኝ። የመጨረሻዋማ ጉድ አደረገችኝ! ታዲያ እምነት አልነበረኝም? ነበረኝ፤ እምነቴን ይዤ ነው ያመመኝ። በዚያች በመጨረሻዋ ጊዜ አንዲት ጎረቤት «ኧረ ቀስ በይ፣ ወንዶቹ ይሰማሉ» አለችኝ። እማማ ብርቄ፣ ያን ጊዜ አርጅታ ዓይኗ ፈዟል፣ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛኛለች። «ይስሙ!» አለች። «ለምን አይሰሙም?» ከዚያ ምጡ ተመልሶ ሲመጣብኝ፣ ያቺ በረት ያለች ላም እንኳ ያልሰማቻት ሴት፣ አፏን ከፍታ አብራኝ ጮኸች። አብራኝ! እስክወልድ ድረስ ድምፄን ለብቻው አልተወችውም።

ይኸው ዛሬ አራት ልጆቼ አሉ፣ ጌታ ይመስገን። የሞተውንም ስሙን አውጥቼለታለሁ፤ በጸሎቴ እጠራዋለሁ። ጌታን አመሰግነዋለሁ፣ እናንተም አመስግኑልኝ።

እህቶቼ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ፍሩ ቢላችሁ ፍሩ፤ ጌታ በፈራ ሰው አይቆጣም። ምጡ ሲይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ በጌታ ማመን ቤት ተቀምጦ መሞት አይደለም። ወንድሞቼ፣ እናንተ ደግሞ የማታውቁትን አትስበኩ፤ ልብሷን ያዙላት፣ መኪና ፈልጉላት፣ ጸልዩላት። ይኸው ነው።

ጌታን ያልተቀበልሽ፣ ዛሬ እዚህ የተቀመጥሽ፣ አንቺንም ልለምንሽ። ደህና ስሆን፣ ስረጋጋ፣ ልቤ ሲቀና እመጣለሁ አትበዪ። ተናድደሽም ከሆነ ነይ። ጥያቄ ይዘሽም ከሆነ ነይ። እንዳመመሽ ነይ።